ከውጫሌ እስከ ጅግጅጋ የሰደበችኝ ሴትዮ

ሚኒባሱ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ እንደተነሳ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ትክ ብላ አየችኝ... አየችኝና «አንተ የዚያ ጋዜጣ ሰውዬ አይደለህም?» አለች።

ያኔ ሐርጌሳ የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ጅቡቲም ናይሮቢም ሠርቻለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ግን ጅግጅጋ ነው። ፎቶዬ በየሳምንቱ ከአምዴ አናት ላይ ስለሚወጣ መካድ አልቻልኩም።

«ነኝ፣ እናቴ» አልኳት።

አይ ያን ቀን የሰማሁት ስድብ! ሴትዮዋ የልብስ ነጋዴ ናት። በድንበሩ በኩል ስለሚገባው የኮንትሮባንድ ልብስ የጻፍነው ከወጣ በኋላ ፍተሻው ጠብቆ፣ ፈታሾቹ ዕቃዋን እንዳለ ወርሰውባታል።

«ትልልቆቹ በጭነት መኪና ሲያሳልፉ አላየህም? እኔ ብቻ ታየሁህ? እጅህ ይቆረጥ!»

«የማንንም ስም አልጻፍንም እኮ...»

«ወላሂ አፍህን ዝጋ!»

ተሳፋሪው በሙሉ የእሷ ወገን ሆነ። ከኋላ አንዱ «ጋዜጠኛ ማለት ሰላይ ነው» አለ። ሌላው «ታዲያ ምን ይሠራል እዚህ፣ ይውረድ!» ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወት እያየኝ ያጉረመርማል።

ጅግጅጋ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። የጅግጅጋው ዘጋቢያችን በጻፈው ነገር ተይዞ ከታሰረ ብዙም አልቆየም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ትንፍሽ ቢል አለቀልኝ...

መሣሪያ ያነገተው ፈታሽ በሩን ከፍቶ መታወቂያ እያየ መጣና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ከየት ነህ?»

«ከሐርጌሳ።»

«ሥራህ ምንድነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ሥራ? ምን ሥራ አለው!» ብላ ሴትዮዋ ጮኸች። «የእህቴ ልጅ ነው። በሽተኛ እናቱን ጥሎ አገር ላገር የሚዞር የማይረባ! እኔ ነኝ ጎትቼ ያመጣሁት።»

ፈታሹ ሳቀ። መታወቂያዬን ጭኔ ላይ ወርውሮ «እናትህን ጡር፣ አንተ!» አለና በሩን ዘጋው።

ኬላውን ካለፍን በኋላ ቀስ ብዬ «አላህ ይስጥልኝ፣ እናቴ» አልኳት።

«ለአንተ ብዬ መሰለህ? ለእነሱ ሰው አሳልፌ አልሰጥም ብዬ እንጂ፣ አንተንስ በእጄ ባንቅህ ደስ ይለኛል!»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ያልነገርኳት ነገር አለ... ወደ ጅግጅጋ የምሄደው እናቴ ታማ ተኝታ ስለነበር ነው። ካየኋት ዓመታት አልፈው ነበር።

የሰው ጽሑፍ ስሰርዝና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ... ሴትዮዋ ኬላው ላይ ከሰደበችኝ ስድብ ግን የማርመው አንድ ቃል አጣሁ።