በአባቴ ጭን ላይ የታሰረው ላስቲክ

ትናንት ለጉልበቴ ሕክምና ጎንደር ሄጄ... ባለሙያው ጭኔ ላይ የደም ግፊት መለኪያ የመሰለ ቀበቶ አሰረና አየር ሞላበት። «እማማ፣ አሁን ቀስ ብለው ከወንበሩ ይነሱ፣ ይቀመጡ» አለኝ። እማማ መባሉን አልወደድኩትም፣ ግን ይለፈው።

የደሙ ዝውውር ትንሽ ሲገደብ ቀላሉ እንቅስቃሴ ጡንቻውን ያጠነክረዋል፣ ጉልበት ላይ ጫና ሳይበዛ ሕመሙ ይቀንሳል ብሎ አስረዳኝ። እኛ ግፊቱን እየለካን ነው የምናስረው፣ ቤትዎ በጨርቅ እንዳይሞክሩት ብሎም አስጠነቀቀኝ። እኔ ግን በሐሳብ ያደግኩባት ደባርቅ ገብቻለሁ... በደርግ ጊዜ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ ጉልበቱ ተበላሸና በርጩማ ላይ ተቀምጦ መስገድ ጀመረ። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ እሱም ያውቃል። ረመዳን ሊገባ ወራት ሲቀሩት ግን «ይሄ ዒድ እንኳ ግንባሬ መሬት ሳይነካ አይለፈኝ» አለኝ።

ከዚያ የሱሪ ላስቲክ ቆርጦ ጭኑ ላይ ማሰር ጀመረ። እባብ የነደፈው ሰው መርዙ ሽቅብ እንዳይወጣ ይታሰር የለ? እሱም ቁርጥማቱ ወደ ልቡ እንዳይወጣ ብሎ ነው። አስሮ ከበርጩማው ብድግ፣ ቁጭ... ብድግ፣ ቁጭ።

ያኔ ላስቲክ እንደ ልብ አይገኝም። የአብዮት ጥበቃው ሊያሰፋ ባመጣው ቁምጣ ውስጥ በላስቲኩ ፋንታ ገመድ ሲገባ እናቴ አየችና፣ በአንተ ጉልበት ልንታሰር ነው ብላ ተቆጣች። እሱ እቴ፣ ይስቃል። እግሩን አላህ ጠበቀለት፤ ማቃሰቱም እየቀነሰ ሄደ።

የዒድ ቀን ሜዳው ላይ ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ሴቶች ከኋላ ተሰለፍን። በርጩማውን ቤት ትቶት መጥቷል። እጁን መሬት አስደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ግንባሩን አሳረፈ። መውረዱስ ይሁን... እኔን ያስጨነቀኝ መነሳቱ ነው። ሰው ሁሉ ሲቆም እሱ ቀረ። አጠገቡ ያሉት ሶላት ላይ ናቸው፣ አያነሱት ነገር። ከዚያ ቀስ... ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳይዝ ቆመ።

ወደ ቤት ስንመለስ አላመመህም ወይ አልኩት።

«አመመኝ እንጂ ልጄ። ግን ዛሬ ያመመኝ ሰግጄ ነው።»

አባቴ በጣም ናፈቀኝ።

ሰው ሁሉ ግንባሩ መሬት ላይ እያለ እኔ ቀና ብዬ እሱን ሳይ ነበር... የዚያን ዒድ ሶላቴን አላህ ተቀበለኝ አልተቀበለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።