አይዞህ ያለ ይነሳ

ሴትየዋ ክፍል ስትገባ የአስተማሪውን ወንበር ገፋ አድርጋ የተማሪዎቹ ዴስክ ላይ እጥፍጥፍ ብላ ትቀመጣለች፤ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አይቀረው። የሹራቧ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል፤ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ ደፍሮ የነገራት የለም። ሥራዋ ጓደኞቻቸውን የሚያማክሩ ተማሪዎችን ማሠልጠን ነው። ጠቧ ግን ከአንድ ቃል ጋር ነው።

«አይዞህ ያለ ይነሳ!» ትላለች ከየልምምዱ በኋላ።

ግማሹ ክፍል ብድግ ይላል።

«የኔ ጌታ፣ ሰው ገና ሳይናገር አይዞህ ካልከው እኮ አፉን ዘጋኸው።»

ዛሬ ለልምምድ ባለችግር ሆና የወጣችው ልጅ «ትምህርት ላቆም ነው» ብላ ጀመረችና ድምጿ ተቆረጠ። ጨዋታ እንዳልሆነ ለሁሉም ገባው። ፊት ለፊቷ አማካሪ ሆኖ የተቀመጠው የክፍሉ ቀልደኛ «አይዞሽ» ሊል አፉን ሲከፍት ሴትየዋ በዓይኗ ገሠጸችው። ቃሉን ዋጠ። ሴትየዋም ራሷ ቃሉ እንዳያመልጣት የዴስኩን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።

«እናቴ ታማለች» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ከኔ ሌላ አስታማሚ የላትም።»

«እሺ፣ እየሰማሁሽ ነው» አላት ቀልደኛው፣ ቀስ ብሎ።

ልጅቷ መናገሯን ቀጠለች። ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ዞራ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እኔ አሥረኛ ክፍልን ሁለቴ ነው የተማርኩት» አለች ለራሷ። «የመጀመሪያው ዓመት ምን ሆንሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።»