ሀረገወይን፣ የያዮ ማርና እምቢ ያለው ገጣጣሚ

ሀረገወይን ሰይፈ ሚካኤል መቱ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረችው አርባን ካለፈች በኋላ፣ ከስልክ ቪዲዮ እያየች ነው። ጎረቤቱ «ልጅ መዳሪያዋ ሲደርስ ተማሪ ሆነች» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፣ ግን አላቆመችም።

በ2016 ክረምት የያዮ ንብ አርቢዎች ማኅበር የመጀመሪያ ሥራዋን ሰጣት። ገዢው በማር ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ምልክት በስልኩ ካሜራ ሲያነሳ፣ ማሩን የቆረጠው ሰው ስም ብቅ የሚልበት ፕሮግራም ነው። ሊቀመንበሩ ኦቦ ጭምዴሳ ደግሞ ነገር አያንዛዙም።

«አዴ ሀረገወይን፣ አባሎቼ ወሬ ጠግበዋል። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ሠርቶ ካሳዩን ሥራው የርስዎ ነው። ካልሆነ የጅማ ልጆች ተራ ይዘው ቆመዋል» አሏት በስልክ።

ዓርብ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ቁጭ አለች። የቀራት ምልክቱን የሚያነበው ክፍል ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ማንም ከባዶ ተነስቶ አይጽፈውም፤ ሌሎች ጽፈው ኢንተርኔት ላይ ባለ መጋዘን አስቀምጠውታል። ኮምፒውተሯ ውስጥ «ገጣጣሚው» የምትለው መሣሪያ አለ። የክፍሉን ስም ሲነግሩት ራሱ ከመጋዘኑ ያወርዳል፣ ጓዳው ያስቀምጣል፣ በመጨረሻም ሁሉን ገጣጥሞ ፕሮግራም ያደርገዋል። ገበያ የሚላክ የቤት ሰው በሉት፦ ዘይትና ጨው ጓዳ ካለ ንቅንቅ አይልም፣ የጎደለውን ብቻ ይገዛል።

የአዲሱን ክፍል ስም ጻፈችለት። ገጣጣሚው ጥቂት አሰብ አደረገና ማያውን በቀይ ጽሑፍ ሞላው። የመጀመሪያው መስመር «ማውረድ አልተቻለም» ይላል። የቀረውን ማን ያነባል?

መቱ ላይ አንድ ነገር አልወርድ ካለ በሽታው የታወቀ ነው፤ ኔትወርክ። ሐምሌ ከሆነ ደግሞ ማንም አይከራከርም። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ዩኒቨርሲቲው በኩል ባጃጅ ያዘች።

«እትዬ ሀረግ፣ ዳቦ ነው የታቀፉት?» አላት ባለባጃጁ ፋኦል።

«ኮምፒውተር ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ነው የምሄደው።»

«እኔም ነዳጅ ፍለጋ ነኝ። ቀድሞ ያገኘ ይደውላ።»

አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልላ ኮምፒውተሩን ከስልኳ ጋር አገናኘች። ስልኳ ላይ ቪዲዮው እንደ ውኃ ይፈሳል። ገጣጣሚው ግን ያንኑ ቀይ ጽሑፍ አመጣ። እሷ ኢንተርኔት የምታየው በስልኳ ነው፤ ላፕቶፑን ከመጻፍ በቀር ለሌላ አትከፍተውም። ስለዚህ ሌላ ፍንጭ አልነበራትም።

መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ሂካ ሄደች።

«ጓዳው ተበላሽቶ ይሆናል» አላት ማያውን በጎን እያየ። «ሙልጭ አድርገው ያጥፉትና እንደ አዲስ ያውርድ። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«ሁሌ ይሠራል?»

«ሁሌ አደርጋለሁ አልኩ እንጂ ሁሌ ይሠራል አልወጣኝም።»

አጠፋችው። ቀዩ ጽሑፍ አሁን ማለቂያ አጣ። የጎደለው አንድ ክፍል ነበር፣ አሁን ሁሉም ጎደለ። እስከ ትናንት ይገጣጠም የነበረው ፕሮግራም እንኳ አሻፈረኝ አለ።

«ሂካ፣ ዘይት ብቻ ነበር ያጣሁት። አሁን ጨዉም የለኝም።»

«ሰታቴውስ ተርፏል?»

አልሳቀችለትም። የኦቦ ጭምዴሳን ቁጥር አወጣች፣ አውራ ጣቷን አስጠጋች፣ ከዚያ ስልኩን አስቀመጠችው። «ማፈሬ ካልቀረ ምን አግኝቶኝ እንዳፈርኩ ልወቅ» አለችና ቀዩን ጽሑፍ ከላይ ጀምራ፣ የትምህርት ቤቱን ቃለ ጉባኤ እንደምታርም፣ ቃል በቃል ማንበብ ያዘች።

መሐል ላይ አገኘችው። ገጣጣሚው መጋዘኑ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል ለካ። መጋዘኑም መታወቂያውን አሳይቶታል፤ ታዲያ «ከ2024 ጀምሮ የሚጸና» ይላል። ገና ያልደረሰ ዓመት የተጻፈበት መታወቂያ ደግሞ ለገጣጣሚው ሐሰተኛ ነው፣ አያምነውም። ዓይኗ ወደ ማያው ጥግ ሄደ። ቀኑ 2016 ይላል።

«ሂካ፣ ኮምፒውተሩ ዓመቱን ተሳስቷል። 2016 ነው የሚለው።»

«ታዲያ 2016 አይደለንም እንዴ?»

«እኛ ነን። መጋዘኑ አይደለም።»

ቤት ደወለች። አባቷ አቶ ሰይፈ ሚካኤል በጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ነገር ካዩ ሳያቃኑ አያልፉም።

«አባባ፣ ኮምፒውተሬን ነክተው ነበር?»

«የሰርግ ፎቶ ልይ ብዬ ከፈትኩት። ዓመተ ምሕረቱ ተሳስቶ ባገኘው አረምኩልሽ።»

«ራሱን አልመለሰም?»

«መለሰ እንጂ፣ ግትር ነው። በራሱ እንዲያስተካክል የሚፈቅደውን ዘጋሁበትና አረፈ።»

«አባባ፣ እሱ በፈረንጅ ነው እኮ የሚቆጥረው።»

«አውቃለሁ። የሚኖረው ግን መቱ ነው።»

ስቃ ስልኩን ዘጋች። አባቷ የዘጉትን ከፈተች፣ ቀኑ ዘሎ ቦታው ገባ፣ ገጣጣሚውን እንደገና ላከችው። አንዱ ክፍል ወረደ፣ ሌላው ተከተለ። ባዶውን ጓዳ እንደ አዲስ መሙላት ቀላል አልነበረምና የስልኳ ጥቅል መሐል ላይ አለቀ። ሂካ ምንም ሳይባል የራሱን ስልክ ከፈተላት።

«ያስጠፋሁት እኔ፣ የምሞላውም እኔ» አለ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ያዮ ደረሰች። አዳራሹ ሞልቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ኦቦ ጭምዴሳ ከተደረደሩት ጠርሙሶች አንዱን ሳይመርጡ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሀረገወይን ስልኳን ፊት ለፊት ለተቀመጡት ሽማግሌ ለኦቦ ኩማ ሰጠች። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ምልክቱ አስጠጉት። ስሙ ብቅ አለ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፤ የጎረቤታቸው የገመቺስ ማር ነው።

ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። «ስኳር የቀላቀለም ስሙ ይጠራል ማለት ነው?»

«ይጠራል» አለች ሀረገወይን።

አንዳንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እንግዲህ ይህን ፕሮግራም አልፈልግም የሚል እጁን ያውጣ» አሉ ኦቦ ጭምዴሳ። «ማን እንደሆነም እናየዋለን።»

አንድም እጅ አልወጣም።

«ሥራው የርስዎ ነው፣ አዴ ሀረገወይን። ገለቶማ፣ እናመሰግናለን።»

እሷ ግን ስልኳን ለመቀበል ገና ብዙ መቆየት ነበረባት። ኦቦ ኩማ ተነስተው የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እያስነበቡ ነው።