እትዬ ጫልቱ ወደ አስፋልቱ ሲያወርዱን

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እቀመጣለሁ። ባለፈው እሁድ ከአጥሩ ወዲያ ሰው የብስክሌት ካላማዳሪ ሲለጥፍ የማስቲሽ ሽታ በነፋስ መጣ። ከለቅሶው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቤ ከባዶው አልጋ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ወደ እትዬ ጫልቱ ግቢ።

እትዬ ጫልቱ የልጅነቴ ጎረቤት ነበሩ። ያደጉት ወንጂ፣ የሸንኮራው ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ እዚያ ትልቅ ትንሹ በብስክሌት ይሄዳል። እኛ ናዝሬት ሰፈር ግን ብስክሌት የወንድ ነበር። ሴት ልጅ ከወጣችበት ጎረቤት ይንሾካሾክባታል። እሳቸው ቀሚሳቸውን በመቀነት ሰብስበው በብስክሌት ገበያ ሲወርዱ፣

«ጫልቱ፣ መንጃ ፈቃድሽን አሳዪን!» ይሏቸዋል ወንዶቹ።

«አንተስ ከቤት ስትወጣ ሚስትህን አስፈቅደሃል?» ብለው ያልፋሉ።

ትምህርት ቤታችን ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሩቅ ነበር። በዚያ ፀሐይ ተቃጥለን እንመላለሳለን፤ የሰለቻቸው ልጆች ይቀራሉ። እትዬ ጫልቱ ከወንጂ ዘመዶቻቸው አሮጌ ብስክሌቶች ለምነው አመጡና እሁድ እሁድ የሰፈሩን ሴት ልጆች አሰልፈው ያስነዱን ጀመር። በብስክሌት ትምህርት ቤት እንድንሄድ ነበር ሐሳባቸው።

አባቴ ከአሰብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። የፈቀደው እየከበደው ነው።

«ስሚ ጫልቱ፣ የጫነ መኪና ስለፈለገ አይቆምም። አንዲት ልጅ ከተጎዳች ይኼ ነገር አበቃ።»

በመንገድ ነገር የሰፈሩ አባቶች ሁሉ የሚሰሙት እሱን ነበር።

ብስክሌቶቹ ፍሬን አልነበራቸውም። ለማቆም ጫማችንን የኋላው ጎማ ላይ እንጫን ነበር፤ የሸራ ጫማ ላስቲክ ቆንጥጦ ይይዛል። አንድ እሁድ ግን እናቴ «ሰው እያየሽ በዚህ ቡትቶ ጫማ አትወጪም» ብላ አዲሱን የቆዳ ጫማዬን አደረገችልኝ።

ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ጎማው ላይ ጫንኩ። ለስላሳው ሶል ተንሸራተተ። ደግሜ ጫንኩ፤ ጭራሽ ፈጠነ። ታች አስፋልቱ ላይ ከሞጆ በኩል የመጣ ተሳቢ ክላክሱን ለቀቀው። ከኋላዬ «ሱታ! ሱታ! ቀስ በይ!» የሚል ኦሮምኛና አማርኛ የተቀላቀለበት የእትዬ ጫልቱ ድምፅ፣ ከዚያ የብስክሌት ሰንሰለታቸው ጩኸት መጣ። ኮርቻዬን ጨምድደው ያዙ። አብረን አቧራው ላይ ተንከባለልን። የተሳቢው ጎማዎች በአጠገባችን ሲያልፉ ትኩስ ንፋሳቸው ፊቴን መታኝ።

እንደደማን ቤት ገባን። አባቴ ክንዴን አየ። ጫማዬንም ገልብጦ አየ።

«ፍሬን የለውም?»

«የለውም» አሉ እትዬ ጫልቱ።

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ። ወንጂ ሜዳ ነው፤ እኛ እንዲህ ነው ያደግነው። ቁልቁለቱን አላሰብኩትም።»

አባቴ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለን ነበር።

«አበቃ» አለ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከአጥራቸው ወዲያ ብረት ሲቀጠቀጥ ብቻ እንሰማ ነበር። እኛ ወደ እግራችን ተመለስን። ከእኔ ጋር ትሄድ የነበረች ጓደኛዬም መቅረት ጀመረች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት እትዬ ጫልቱ በራችን ላይ ቆሙ። የያዙት ብስክሌት እጀታው ላይ አዲስ ፍሬን አለው።

«ሾፌሩ አንተ ነህ፤ ና ሞክረው» አሉት አባቴን።

«እኔ? በዚህች?»

«ፈራህ እንዴ?»

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አባቴ ጉልበቱ ደረቱን እየነካ ቁልቁለቱን ወረደ። «ሾፌሩ፣ ማርሽ ቀይር!» እያሉ ሳቁበት። ወዲያው አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ብቅ ሲል ሳቁ ቆመ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። እትዬ ጫልቱ አይናቸውን ከብስክሌቱ አልነቀሉም።

ፍሬኑ ያዘ። ጎማው አቧራውን አርሶ ከአስፋልቱ ጫፍ ወዲህ ቆመ። አባቴ አንድ እግሩን መሬት አድርጎ መኪናው እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ዞረና በእጁ ጠራኝ።

እትዬ ጫልቱ ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬ በዚያ ሰፈር ሴት ልጅ በብስክሌት ስታልፍ፣ እንደ ብርቅ ቀና ብሎ የሚያያት ሰው የለም።