የድንቅቱ እንጨትና የሕዝቅያስ ጋዝ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሱሉልታ ላይ ቪላ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለመስኮቱ ስፋት ነው። አንድ ክረምት ከከረመ በኋላ ግን መስኮቱንም ረስቶ እሳት፣ እሳት ማለት ይጀምራል። ወይዘሮ ድንቅቱ ስምንት ዓመት ሙሉ እንጀራዋን የበላችው ከዚህ ብርድ ነው። አሥራ ሁለት ቪላዎች ላሉት አንድ የታጠረ ግቢ፣ ባለቤቶቹ ፋየርፕሌስ ለሚሉት የሳሎን ምድጃ፣ እንጨት ታቀርባለች።

ግቢው ያረፈበት መሬት የባሏ የነገሳ የገብስ ማሳ ነበር። ካሳው በሦስት ዓመት አለቀ፤ ነገሳም ብዙ ሳይቆይ አረፈ። ለእሷ የተረፋት ከወንዙ ዳር ያለው ባህር ዛፍ ብቻ ነው። በዚያ ባህር ዛፍ ሁለት ልጆች አስተምራለች፤ ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ እንጨትሽ አይረባም ቢላት እንዴት እንደምትሆን መገመት አያስቸግርም።

ዛፉን በጥቅምት ታስቆርጣለች፣ ታስፈልጣለች፣ ልጡን ታስልጣለች፤ ከዚያ መሬት እንዳይነካው በድንጋይ ላይ ትከምርና ከላይ ቆርቆሮ ታለብሰዋለች። ዓመት ሳይሞላው አንድ ፍልጥ አትሸጥም። በሳምንቱ ቆርጦ በሳምንቱ የሚሸጠው ጎረቤቷ ዱባለ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይተርባታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጠጅ ነው እንዴ የጣልሽው?"

"አንተ ውሃ ሽጥ፤ እኔ እሳት እሸጣለሁ" ትለዋለች።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኢንጂነር ዘርሁን አንድ ብልሃት መጣለት። የድንቅቱ ሸክም ተወደደ፣ ሥጋም ስኳርም የሚገዛው በኪሎ ነው፣ እንጨትም በኪሎ ይሻላል ብሎ ከመንገድ ላይ አንድ አይሱዙ ሙሉ አስመዝኖ ገዛ። ምሁር ሰው ነው እንግዲህ! ትናንት የተቆረጠ እንጨት በኪሎ ሲገዛ ግማሹ ውሃ መሆኑን ማን ይንገረው? የአሥራ ሁለቱም ቤት ሳሎን በጭስ ታፈነ፤ መጋረጃው ጠቆረ፤ ብርዱም ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ጥፋቱን እንጨት በሚባል ነገር ሁሉ ላይ አላከከና ምድጃዎቹ በጋዝ ይቀየሩ አለ።

ወሬው ለድንቅቱ የደረሳት ነሐሴ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አሥራ ሁለቱ ቤቶች ከሄዱ ክምሩን የሚገዛት የለም፤ እንደ ዱባለ መንገድ ዳር ቆማ እርጥብ ከመሸጥ በቀር ምንም አይቀራትም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ሳትጠራ ሄደች፣ ዘበኛውን በዓይኗ ገላምጣ ገባች። ዘርሁን በረንዳ ላይ ወረቀት ዘርግቷል። አጠገቡ ሕዝቅያስ የሚባል፣ ቡራዩ ላይ የጋዝ ምድጃ የሚገጥም ወጣት ነጋዴ ተቀምጧል።

"አካም ጂርቱ፣ አዴ ድንቅቱ" አለ ዘርሁን፣ አፍሮ ነው መሰል በኦሮምኛ። "ተቀየሙን እንዴ? ነገሩ ሒሳብ ነው። እንጨት አንድ ሳሎን አራት ሰዓት ለማሞቅ ስድስት መቶ አሥር ብር አስወጥቶናል፤ ጋዝ ከዚያ በታች ነው።"

"የማንን እንጨት ነው ያሰባችሁት?"

"የሐምሌውን።"

"ታዲያ የእኔን እንጨት ምን አገባው?" ድምፅዋ በረንዳውን ሞላው። "ውሃ በኪሎ ገዝታችሁ፣ አልነድ ሲላችሁ እኔን ታባርራላችሁ? ዛሬውኑ አንድ ቤት በጋዝ፣ አንድ ቤት በእኔ እንጨት ይሙቅ። ከተሸነፍኩ ራሴ ክምሬን በእሳት ለኩሼ እሄዳለሁ!"

ሕዝቅያስ ሳቀ። "እማማ፣ ጋዝ እኮ በእንጨት አይሸነፍም።"

"አንተ ልጄ፣ ሲመሽ ትስቃለህ።"

የዘርሁን ቤት ለማሳያ ጋዝ ተገጥሞለት ነበር። ጎረቤቱ ወይዘሮ ሰብለወርቅ ደግሞ፣ መጋረጃዋ የተበላሸባት ቢሆንም፣ ሳሎኗን ለእንጨቱ ሰጠች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሁለቱም ሳሎን እኩል እንዲሞቅ ተስማሙ። ዘርሁን በየቤቱ የሙቀት መለኪያ ሰቀለ፤ ሲሊንደሩ በፊትም በኋላም ተመዘነ፤ የድንቅቱም ፍልጥ በሸክም ተቆጠረ። ውጭ ዝናቡ ያለ ይሉኝታ ይወርዳል። ድንቅቱ ምድጃው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፍልጡን በልኩ ትጨምራለች፤ ፊቷ የተረጋጋ ይመስላል፤ ግን ፈርታለች። መፍራቷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘርሁን ሕዝቅያስን አስከትሎ ወደ ሰብለወርቅ ሳሎን መጣና ደመረ። አንዴ ደምሮ አላመነምና ደገመው። የጋዙ አምስት መቶ አርባ፣ የድንቅቱ እንጨት ሦስት መቶ ሠላሳ። የሰብለወርቅ ሳሎን ጭስ የሚባል አልሸተተውም።

"አሸነፉ፣ አዴ" አለ ዘርሁን። ቀጥሎ ደግሞ ፊቱ በራ። "እንዲያውም ከግቢው ጀርባ ያሉት ሃያ አዲስ ቤቶች መስከረም ላይ ሰው ይገባባቸዋል። እነሱንም እርስዎ ይያዙ።"

ሃያ ቤት! ድንቅቱ በሕይወቷ ይህን ያህል ሲሳይ በአንድ ቀን ቀርቦላት አያውቅም። ክምሯን በሐሳቧ ዞረችው፤ ከየትም ብታዞረው ከአሥራ ሁለት ቤት አያልፍም።

"የደረቀ አይበቃኝም" አለች።

"ለነሱ እርጥብም ይቀላቅሉላቸው። አዲስ ገቢዎች ናቸው፣ በምን ያውቃሉ?"

ድንቅቱ ከበርጩማው ተነሣች። ደሟ ፈላ።

"እስቲ ወረቀትዎን ያንብቡልኝ፣ ኦቦ ዘርሁን። እርጥቡ ስንት ይላል?"

"ስድስት መቶ አሥር።"

"ጋዙስ?"

"አምስት መቶ አርባ።"

"እንግዲያው ለሃያዎቹ የሚረክሰው ጋዝ ነው። ሒሳብ ነው ብለውኝ የለ?" ወደ ሕዝቅያስ ዞረች። "ልጄ፣ ስልክ ቁጥርህን ስጣቸው። ሃያ ቤት አግኝተሃል።"

ወጣቱ ወደ እሷ ተጠጋ። "እማማ... የእርስዎን ገበያ እኮ ነው!"

"የእኔማ እዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው ያለው" አለችና ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች። "ለአሥራ ሁለቱ አመጣለሁ። ከመሐላችሁ አንድ ሰው ግን ከመንገድ አንድ ኪሎ ቢገዛ፣ ደጃችሁን አልረግጥም። ዋጋዬም ያው ነው።"

ዘርሁን ወረቀቱን አጣጠፈ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

"ሰኞ ያምጡ" አለ።

"በዋጋዬ?"

"በዋጋዎ።"