ከኮረብታው ሥር የቀሩት

ትእዛዙ የደረሰን ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አንድ አስተማሪ ስድስት ሰው አስከትሎ የወረዳውን መሣሪያ ግምጃ ቤት ይዟል፤ ሽፍታ ነው ተባልን። ሐሙስ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግምጃ ቤቱ ያለበትን ኮረብታ ከበብን። የሃያ ዓመት ወታደር ነበርኩ።

አስተማሪው መምህር ደስታ ይባላል። ባርነት በአዋጅ ቀርቷል ቢባልም፣ እዚያ በወረዳው ባላባት ግቢ በባርነት ተወልደው በባርነት የሚሞቱ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸውን ላስተምር ብሎ ሄዶ በጅራፍ ተባረረ። አቤት ቢል ሰሚ አጣ። ጠመንጃ አነሳና «መሣሪያ አለ፣ ኑ» ብሎ ለግቢው ሰዎች ላከ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ ከበስተጀርባችን፣ ከግምጃ ቤቱ በማይታየው ሸለቆ፣ ሰዎች ሲወጡ አየን። ማጭድ ይዘዋል። አሥር አለቃ ግርማ «ከኋላ መጡብን! ተኩስ!» አለ። ተኮስን። እኔም ተኩሻለሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አራት ሰዓት ላይ እነመምህሩ ጥይት ጨረሱ። እሱ ብቻ ቆስሎ ተያዘ፤ ጠባቂው እኔ ሆንኩ። አሥር አለቃው «ስለ ሰዎቹ ከጠየቀህ ማንም አልመጣም በለው» ብሎኛል።

«ወንድሜ፣ መጡ እንዴ?» አለኝ።

«ማንም አልመጣም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሦስተኛው ቀን ገበያ መሃል ተሰቀለ። ብዙም ሳይቆይ አገሩ በሙሉ እርስ በርሱ ተላለቀ፤ እኔም ጉልበቴን እዚያው ጨረስኩ።

ዛሬ አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። ሰኞ ዕለት የልጅ ልጄ ሐና የትምህርት ቤት ሥራዋን አነበበችልኝ። በዚህ አገር ባርነትን በጠመንጃ ላጥፋ ብሎ መሣሪያ ግምጃ ቤት ይዞ ስለተሰቀለ ሰው ነው፤ ከእሱ በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ።

«አያቴ፣ ሶ ባሮቹን በጣም ጠበቃቸው፣ ግን ማንም አልመጣም። ሳድ ነው፣ አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ቲቸር። ቡኩ ላይም አለ። ለምን ታለቅሳለህ?»

ስለዚያ ሰውዬ የማውቀው ነገር የለም፤ ስለኛው ግን አውቃለሁ። ሐና አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ይህን የጻፍኩትን የቻለች ቀን ታንብበው።

ከእኛ ሁለት ሞቱ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ስድስት። ከሸለቆው አሥራ አራት፣ አምስቱ ሴቶች። የቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ በሪፖርቱ ሁሉም ሽፍታ ተብለው ገቡ። በሕይወቴ ብዙ ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ፤ እንደዚያች አንዲት መልስ የከበደኝ የለም። መምህሩ ብቻዬን ነኝ ብሎ ሞተ።

ሐና፣ መጥተው ነበር።