የትም የማይሄደው ሙቅ መኪና

ጎረቤታችን ኦረስት ሚስታቸው ኔቲ ካረፉ በኋላ የራሳቸውን ፒክአፕ ሸጡና የኔቲን ትንሽ ሰማያዊ መኪና አስቀሩ። ሰው ሁሉ ግራ ገባው፤ ምክንያቱም ያስቀሩትን አይነዱትም። ለገበያም ለቤተክርስቲያንም በእግራቸው ነው የሚሄዱት፣ ያውም ትንፋሽ ጺም ላይ በረዶ በሚሠራበት ብርድ።

ማታ ማታ ግን እራት በልተው ይወጡና ከመኪናው አፍንጫ የተንጠለጠለውን የሞተር ማሞቂያ ገመድ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰኩታል። እኛ ጋ ሞተር ሲሞቅ ካላደረ ዘይቱ እንደ ማር ይረጋል፤ ጠዋት ቁልፍ ብታዞር አቃስቶ ዝም ነው። ስለዚህ ገመድ መሰካት የውጭ በር እንደ መቆለፍ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። የሳቸውን ግን ሰፈሩ ሁሉ ልብ ይለው ነበር።

ባሌ ዳሬል አይምራቸውም። "ጊዶ፣ መኪናዎ ከኔ ቤት ይሞቃል እኮ! አንድ ቀን ብርድ ልብሴን ይዤ መጥቼ አድርበታለሁ።" ጊዶ በሳቸው ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ዘመድ ሆነም አልሆነ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላቸው።

"ና፤ ጫማህን ግን ደጅ ታወልቃለህ" ይሉታል።

አንዳንድ ቀን በሩን ከፍተው፣ ውጭ እንደቆሙ እጃቸውን ሰደው ቁልፉን ያዞራሉ። ሞተሩ ሲነሳ ጥቂት ያዳምጡትና ያጠፉታል። ለምን ገብተው እንደማይቀመጡ አይገባኝም ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ሳለሁ፣ ብርዱ በጠናበት ጥር ላይ፣ አንድ ጠዋት ምጥ ጀመረኝ። ዳሬል ሮጦ ወጣ። መኪናችን አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። ለካ ከጣሪያው የተንሸራተተ በረዶ ገመዱን ከሶኬቱ ነቅሎ ጥሎታል። ሆስፒታሉ ያለው ራቅ ብላ ባለችው ከተማ፣ ዮርክተን ነው፤ አምቡላንስም የሚመጣው ከዚያው ነው።

ጊዶ የራሳቸውን ገመድ ሊነቅሉ ወጥተው ነበር። ዳሬል በአጥሩ ላይ ጮኸ፦ "ጊዶ! የኛ እምቢ አለ! ምጧ መጥቷል!"

ገመዱን በእጃቸው እንደያዙ ዞረው መኪናውን አዩት። ከዚያ "ቁልፉ እላዩ ላይ ነው" አሉ።

እኔ ከኋላ ገባሁ። ዳሬል ከፊት ሊገባ ቢል ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። ኔቲ ድንክ የሚያክሉ ሴት ነበሩ፤ ወንበሩ እሳቸው እንደተዉት ነው ያለው። እጁን ከሥር ሰደደና ወንበሩን በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ገፋው። ቋ! ሲል በመስኮቱ የጊዶን ፊት አየሁት። ለምን እንደማይቀመጡበት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"ምን ታያላችሁ? ሂዱ እንጂ!" ብለው ጣሪያውን በእጃቸው መቱት።

ልጄ እኩለ ቀን ሳይሆን ተወለደች፤ ሴት ናት። በሳቸው መኪና ወደ ቤት የተመለስን ዕለት ለዳሬል ስለ ወንበሩ ስነግረው "ምን ላድርግ ታዲያ? ጉልበቴን ልቁረጠው?" አለኝ፤ ግን ፊቱ ጠቆረ። ሕፃኗን ለሱ ትቼ ወደ ጊዶ ሄድኩ።

ውጭ ቆመው ወደ መኪናው ውስጥ አጎንብሰው አገኘኋቸው። ወንበሩን ወደ ፊት ይስቡታል፣ ደግሞ ይመልሱታል።

"እዚህ ጋ ነበር" አሉ። "አይ... ትንሽ ወዲህ።"

"ጊዶ፣ ይቅርታ ያድርጉልን።"

"መሪውን አቅፋ ነበር የምትነዳው። 'ወደ ኋላ በይ፣ አንድ ቀን ደረትሽን ይልሻል' ስላት፣ 'አንተ መንገዱን እይ' ትለኛለች። ይኸው ስንጨቃጨቅ ኖርን።" ቀና አሉ። "ጠፋብኝ፣ ልጄ። የቱ ጋ እንደነበር ጠፋብኝ።"

ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፉትና፣ ኔቲ ከሞቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ገብተው ተቀመጡ። ረጅም እግራቸው ልክ ገባ። መሪውን ያዙ። ያለቅሳሉ ብዬ ስፈራ ቀና ብለው መስታወቱን አዩ።

"ይሄ ቀውላላ ባልሽ መስታወቱንም ነካክቶታል!" አሉና ሳቁ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፦ "ልጅቷን ማን እያያት ነው?"

"ዳሬል።"

"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሂጂ፤ ዝጊው፣ ብርድ ገባ።"

ቀስ ብለው ከግቢ ሲወጡ ቆሜ አየኋቸው። ከኚህ ሰው አንድ ነገር ወሰድንባቸው ወይስ ሰጠናቸው? ዛሬም ሳስበው አንዱን መምረጥ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጊዶ አንድ ጆንያ ድንች ደጃፋችን ላይ አቁመዋል፤ በእግር እየሄዱ ሊሸከሙት የማይችሉት ዓይነት።

"ግማሹን ውሰዱ" አሉ። "ያለ ልኬ ገዛሁ መሰለኝ።"